የሺንሺቾው ሠላሳ ስምንተኛ ሰው

ታዴዎስ ሥራውን ለሰው ማስረዳት የሚችለው ከናስረዲን ሱቅ በገዛት አንዲት ነጭ ፕላስቲክ ነው። ሦስት እግር ያለው ስፒና ሁለት ቀዳዳ ካለው ሶኬት ጋር አልገጥም ሲል መሀል የምትገባዋ፣ ሆሳዕና ውስጥ ሕፃን ሳይቀር «አዳፕተር» የሚላት። ኪሱ ውስጥ ይዟት ይዞራል። ሰው «አንተ ግን እዚያ ቢሮ ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትሠራው?» ባለው ቁጥር ያወጣትና ግድግዳው ሳይፈርስ፣ ስፒናው ሳይቆረጥ ሁለቱ እንዴት እንደሚስማሙ ያሳያል። ጠያቂው ይረካል። ከረካ በኋላ ቤቱ ያለውን የተበላሸ ቴሌቪዥን መጥቶ እንዲያይለት ይለምነዋል። ፕላስቲኳ ሁለት ጊዜ ጠፍታበት ሁለት ጊዜ ገዝቷታል፤ ናስረዲን ይህ ሰውዬ ስንት ሶኬት ቢኖረው ነው ብሎ መገረሙ አልቀረም።

እውነተኛው ሥራው እንዲህ ነው። ሆሳዕና ያለው የበጎ አድራጎት የዐይን ሕክምና ማዕከል በጃጁራ፣ በሺንሺቾና በዳምቦያ ሦስት ቅርንጫፍ ክሊኒኮች አሉት። ሦስቱን የረዱት ለጋሾች ሦስት ናቸው፤ ሲረዱም እርስ በርስ አልተነጋገሩም። ስለዚህ የጃጁራው የሕመምተኞች መዝገብ በአንድ ዓይነት ዳታቤዝ፣ የሺንሺቾው በሌላ ዓይነት፣ የዳምቦያው ደግሞ የተከለው ሰው እንኳ ስሙን በማያስታውሰው በሦስተኛ ዓይነት ተቀምጧል። አንዱ «ዕድሜ» የሚለውን ሌላው «የትውልድ ዘመን» ይለዋል። ሦስተኛው ጭራሽ አይጠይቅም። በመጨረሻ አራተኛ ለጋሽ መጣና እነዚህን ሁሉ አገናኝቶ አንድ ዝርዝር የሚያወጣ ትልቅ ሶፍትዌር ሰጠ፤ ከአራት መቶ ገጽ የእንግሊዝኛ መመሪያ ጋር። መመሪያውን አንብቦ የጨረሰው ታዴዎስ ብቻ ነው። አንዳንዱን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አንብቦታል፤ ጥሞት ሳይሆን ስላልገባው።

መመሪያው እንደሚለው ትልቁ ሶፍትዌር ከየዳታቤዙ ጋር ፊት ለፊት አይነጋገርም። ለእያንዳንዱ አንድ አዳፕተር ይበጅለታል፤ ይቺኛዋ የምትሰካ ሳትሆን የምትጻፍ ናት። የሺንሺቾው አዳፕተር በየአምስት ደቂቃው ወደ ሺንሺቾው መዝገብ ብቅ ብሎ አዲስ ሰው እንዳለ ያያል። ካለ መስመሩን አንብቦ ይዞት ይመጣል፤ እዚያው መስመሩ ጫፍ ላይም «ተወስዷል» የሚል ምልክት ይተዋል። ምልክት ያለበትን መስመር ዳግመኛ አያየውም። ታዴዎስ ይህን ጸባዩን ይወድለት ነበር። አንዴ የተነገረውን ሁለተኛ የማይጠይቅ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ ብርቅ ነው።

ያስቸገሩት የጃጁራ ልጆች ብቻ ነበሩ። ኮምፒውተሩን ሲለማመዱ አዲስ መስመር ይከፍቱና ምንም ሳይጽፉበት ያስቀምጡታል። አሥራ አንድ እንዲህ ያለ ባዶ መስመር ሆሳዕና ድረስ መጥቶ አሥራ አንድ ሕመምተኛ ተብሎ ተቆጠረ፤ አሥራ አንድ አልጋም ተዘጋጀለት። ታዴዎስ ከዚያ በኋላ ለሦስቱም አዳፕተሮች አንድ ደንብ ጻፈላቸው፦ ስም የሌለው መስመር ሰው አይደለም፤ ምልክት አድርግበትና እለፍ። ደንቡን ጽፎ ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ ነበር።

በዚያ ወር ማዕከሉ የዐይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ጠራ። ሐኪሞቹ ሰኞ ከአዲስ አበባ ይገባሉ፤ በሦስት ቀን መቶ ሃያ ሰው ያክማሉ። የክሊኒኮቹ ምዝገባ ባለፈው ዓርብ አብቅቷል፤ የሆሳዕናው ዝርዝር ደግሞ ሐሙስ ከቀኑ በስድስት ሰዓት ይዘጋል። ክፍት የቀረ ቦታ ለተጠባባቂ ይሰጣል። በዝርዝሩ ላይ በእጅ ስም መጨመር ፈጽሞ ክልክል ነው። ባለፈው ዘመቻ በእጅ የተጨመሩ ዘጠኝ ሰዎች ሲመረመሩ ዐይናቸው ከሐኪሙ ዐይን የተሻለ ያይ ነበር፤ የዘር ሐረጋቸው ሲጠና ሁሉም የአንድ ሠራተኛ ዘመዶች ሆነው ተገኙ። የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ከዚያ ወዲህ ሰው የሚገባው በአዳፕተር በኩል ብቻ ነው ብለው አዘዙ።

ረቡዕ ጠዋት የካርድ ክፍሏ ኃላፊ ሲስተር ነኢማ ዝርዝሩን አትማ ይዛ ታዴዎስ ቢሮ ገባች። ሃያ ስድስት ዓመት ካርድ ያገላበጠች ሴት ናት። ኮምፒውተር ታምናለች፤ ካመነችው በኋላ ግን በእስክሪብቶ ትቆጥረዋለች።

«ከሺንሺቾ የመጣው ደብዳቤ ሠላሳ ስምንት ሰው ይላል» አለችው። «ያንተ ሠላሳ ሰባት ነው።»

«ደብዳቤው ተሳስቶ ይሆናላ፣ ሲስተር።»

«ደብዳቤ ምን ቤት ነው የሚሳሳተው? የነገሩትን ነው የሚይዘው።»

ታዴዎስ ሲስተሙ ሰው እንደማይጥል፣ ይህንንም ባለፈው ስብሰባ በዶክተሩ ፊት እንደተናገረ አስታወሳት። እሷም ሲናገር እንደሰማችው፣ ያኔም በልቧ እንደቆጠረችው ነገረችው። የሺንሺቾን መዝገብ ከፍቶ አሳያት። ሠላሳ ስምንት መስመር ነው። በሠላሳ ስምንቱም ላይ «ተወስዷል» የሚል ምልክት አለ። አንዱ ግን የስሙ ቦታ ባዶ ነው። ወንድ፤ ዕድሜ ሰባ አራት፤ ሁለቱም ዐይን፤ ሞራው የበሰለ።

«ይኸው፤ ሙከራ ነው» አለ ታዴዎስ ቀለል ብሎት። «ስም የለውም።»

ነኢማ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ዝቅ አድርጋ መስመሩን አየችው።

«ሙከራ ሰባ አራት ዓመት ይሞላዋል?» አለች። «ሁለት ዐይኑንስ ይታመማል?»

ታዴዎስ ወደ ሺንሺቾ ስልክ ደወለ። የሺንሺቾው ክሊኒክ መዝጋቢ ገነቴ ናት፤ አዳፕተሩን ሊተክል በሄደ ጊዜ ጠረጴዛዋን ለቃለት ሁለት ቀን ሙሉ በበርጩማ ላይ የተቀመጠች፣ ቃል የማታበዛ ሴት። ይህን ስም የሌለውን መስመር ማን እንዳስገባው ጠየቃት። እኔ ነኝ አለችው። ስሙን ረስታው እንደሆነ ጠየቃት።

«አልረሳሁም፣ ወንድም ታዴዎስ። እኔ አልጽፈውም እንጂ። እዚህ አብሮኝ የሚሠራው ጥሩሰው ነበር የሚሞላልኝ።»

«ለምን አትጽፊውም? ተጣልታችኋል እንዴ ከሰውዬው ጋር?»

መልሱ የመጣው ከነኢማ ነው። የስልኩ ድምፅ ለእሷም ይሰማ ስለነበር ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ፣ «የባሏ አባት ናቸው» አለችው። «የአማቷን ስም እንዴት አድርጋ ትጥራልህ? አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም?»

የዚህ አገር ልጅ ነበር። እናቱ የአባቱን አባት አንድም ቀን በስማቸው ስትጠራ ሰምቶ አያውቅም፤ «እዚያ ቤት ያሉት» ነበር የምትላቸው። ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ማናቸውም ነገር በቤታቸው ሌላ ስም ነበረው፤ ጨው ሳይቀር። ታዴዎስ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ጨውን የሚጠራው እናቱ እንዳወጣችለት ነበር፤ የክፍል ልጆች ስቀውበታል። ይህን ሁሉ ያውቃል። አውቆ ሲያበቃ ነው ስም የሌለው መስመር ሰው አይደለም ብሎ የጻፈው።

ጉዳዩን ገነቴ ቀስ እያለች ነገረችው። ባሏ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ በየእሑዱ ይደውላል። አማቷ የሰፈሩ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው፤ የድንበሩም፣ የባልና ሚስቱም ነገር እሳቸው ዘንድ ነው የሚያልቀው። ዐይናቸው መድከሙን ግን ለማንም አልተናገሩም፤ ሰውን በድምፁና በእርምጃው እየለዩ ሁለት ዓመት አስታርቀዋል። አያይም የሚባል ሽማግሌ አይቼ ፈረድኩ ቢል ማን ያምነዋል ነው የሚሉት። እንዲመዘገቡ የለመነቻቸው እሷ ናት፤ እሺ ያሉትም እሷው ራሷ በዝምታ ከመዘገበቻቸው ነው። በወረቀቱ መዝገብ ዘመን እንደዚህ ያለ ሰው ሲመጣ ሁሉን ጽፋ የስሙን ቦታ ትተወው ነበር፤ የሥራ ጓደኛዋ ጥሩሰው ከምሳ ሲመለስ ይሞላዋል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠርተዋል፤ ወረቀቱም ጠብቋቸዋል። አዳፕተሩ ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ አይጠብቅም። ጥሩሰውም እሳቸውን በመዘገበችበት ቀን ለሥልጠና ሐዋሳ ሄዶ እስከዚህ ዓርብ አይመለስም። አንዴ የተቀመጠን መስመር ደግሞ ከጥሩሰው በቀር ማንም ሊያርመው አይችልም፤ ምዝገባው ስለተዘጋም አዲስ መስመር አይከፈትም።

«ቀጣዩ ዘመቻ መቼ ነው?» ስትል ጠየቀች።

በዓመቱ ነው አላት።

«ባለፈው ሳምንት» አለች ገነቴ፣ «ከበረታችን ምሰሶ ጋር ሰላምታ ተለዋወጡ። ቤተሰቡ ደህና ነው ወይ ብለው ጠየቁት። እኔም ደህና ነው አልኩላቸው።»

ታዴዎስ ስልኩን ዘግቶ ለዶክተሩ ደወለ። ዶክተሩ ሰምተው አዘኑ። በእጅ መጨመር ግን አይሆንም አሉ፤ ዛሬ ለአንድ እውነተኛ ሽማግሌ የተከፈተ በር ነገ ለስንቱ አጎት ይከፈታል። በአዳፕተሩ በኩል ከመጡ ይግቡ። አዳፕተሩን የሚነካ ሰውም መጀመሪያ በመዝገቦቹ ግልባጭ ላይ ይሞክረው፤ ውጤቱን ሐሙስ ጠዋት አይተው ይፈቅዳሉ።

ስለዚህ ነገሩ ተመልሶ ደንቡን የጻፈው ሰው እጅ ላይ ወደቀ። ታዴዎስ በግልባጩ ላይ ደንቡን ሰረዘ፣ ምልክቶቹንም ሁሉ አነሣና አዳፕተሮቹን እንደ አዲስ ለቀቃቸው። የሺንሺቾው ሽማግሌ መጡ። አሥራ አንዱ የጃጁራ ባዶዎችም አብረዋቸው መጡ። መቶ አሥራ ዘጠኝ የነበረው መቶ ሠላሳ አንድ ሆነ፤ በመቶ ሃያ ላይ የሚቆርጠው ዝርዝር ደግሞ ሽማግሌውን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ከታች አራገፈ። ደንቡን መለሰው። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ነጭ ፕላስቲክ እያገላበጠ ትንሽ ተቀመጠ። ሰውና ባዶ መስመር በምን ይለያያሉ? በስም ካልሆነ በምን?

በሩን አልፋ ወደ ካርድ ክፍል ስትሄድ ነኢማን አያትና የጠዋቱ ጥያቄዋ ትዝ አለው። ሙከራ ዐይኑን አይታመምም። ጎንበስ ብሎ ጻፈ፦ ስም ከሌለው፣ ዐይኑን ተመልከት፤ ዐይኑ ከታመመ ሰው ነው።

የጃጁራዎቹ አሥራ አንድ ባሉበት ቀሩ። የሺንሺቾው መስመር መጣ፤ ዝርዝሩ ላይ ግን የስሙ ቦታ ባዶ ነው። ባዶ ስም ሰኞ ዕለት በር ላይ አይጠራም፤ አንድ ነገር መጻፍ አለበት። አዳፕተሩ መሀል ላይ ሆኖ የጎደለውን መሙላት ይችላል፤ መመሪያው በሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ይፈቅድለታል። በምን እንደሚሞላ ግን አይናገርም። የጥሩሰው ስልክ ዝግ ነው፤ ሌላ የሠፈር ሰው መጠየቅ ደግሞ ሽማግሌው የደበቁትን ማውጣት ነው። ታዴዎስ ለገነቴ መልሶ ደወለ። የውሸት ስም ይስጣቸው እንደሆነ ሐሳብ አቀረበ።

«በሌላ ሰው ስም ዐይናቸውን ልታስቀድድ?» አለችው ገነቴ።

ልክ ነሽ አላት። እቤት ምን ብለው እንደሚጠሯቸው ጠየቃት። ትንሽ ካመነታች በኋላ ነገረችው፤ እሱም እንዳለችው ጻፈው።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት ዶክተሩ የግልባጩን ውጤት አይተው ፈቀዱ። ታዴዎስ አዲሱን ደንብ አስገባ። አዳፕተሩ በሺንሺቾው መዝገብ ላይ መብቱ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ማንበብና ምልክቱን ማድረግ። ምልክት ማድረግ የሚችል ምልክት ማንሣትም ይችላል፤ ከዚያች አንዲት መስመር ላይ «ተወስዷል» የሚለውን ሊያነሣ ሲል ሺንሺቾ አልመለሰችም። ደገመው። አልመለሰችም። ገነቴ ከሞባይሏ ደወለች፤ ከንጋት ጀምሮ መብራት የለም፣ የመብራት ሠራተኞቹም ምናልባት ከሰዓት ብለዋል።

አራት ሰዓት አለፈ። አምስት ሆነ። ነኢማ እየተመላለሰች በሩ ላይ ትቆማለች፤ የእጇን ሰዓት አታይም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ግን ታያለች። ታዴዎስ በዚህ መሀል ማድረግ የሚችለው አንድም ነገር አልነበረም። አዳፕተሩ በየአምስት ደቂቃው ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ አይሰለቸውም።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ገነቴ እንደገና ደወለች። ከክሊኒኩ አጥር ወዲያ ያለው ወፍጮ ቤት የራሱ ጄኔሬተር አለው። ባለወፍጮውን ገመድ ልሳብ ብላ ለምናዋለች። እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ለማን ነው ብለው ጠየቁ፤ እሷም «ለቤታችን ሰው» አለች።  ሁለቱ ኬሻቸውን ከመንገዱ ላይ አንሥተው ገመዱን በአጥሩ ቀዳዳ አሳለፉላት። አሁን ችግሩ ሌላ ነው። የኮምፒውተሩ ማከፋፈያ ሦስት እግር አለው፤ የወፍጮ ቤቱ ሶኬት ሁለት ቀዳዳ።

ታዴዎስ ሳያስበው እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ኪሱ ደግሞ ሆሳዕና ነው ያለው።

«ያቺ መጀመሪያ የመጣህ ቀን ያሳየኸን ነጭ ነገር» አለች ገነቴ፣ «ጠረጴዛው ላይ ትተሃት ሄደህ ነበር። መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ልጠቀምባት እችላለሁ ወይ ብዬ ነው።»

ታዴዎስ ፈቀደ። ባለወፍጮው የጄኔሬተሩ ጉልበት ለሁለቱ ስለማይበቃ ወፍጮውን አቆመ፤ ሠፈሩ ጸጥ ሲል በስልኩ ውስጥ ተሰማ። ኮምፒውተሩ ለመነሣት የሚወደውን ያህል ጊዜ ወሰደ። አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሺንሺቾ ተከፈተች። ታዴዎስ ምልክቱን አነሣ። ከዚያ አዳፕተሩ በራሱ ሰዓት እስኪሄድ ሦስት ደቂቃ ተቀመጡ፤ ነኢማም በሩን ትታ ገብታ ከጎኑ ወንበር ሳበች። ቁጥሩ ከመቶ አሥራ ዘጠኝ ወደ መቶ ሃያ ተለወጠ። ነኢማ ዝርዝሩን አተመችና በእስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ቆጠረችው። መቶ ሃያ ነበር። እስክሪብቶዋን ከድናው ምሳ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ነኢማ በር ላይ ቆማ እያነበበች ትጠራለች። ሺንሺቾ ዘንድ ስትደርስ አንድ ስም ላይ ቆመች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ትልቁ ሰው» አለች።

ሦስት ሽማግሌዎች ተነሡ። አራተኛው ጎረቤቱን «እኔን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ከሺንሺቾ» ስትል ሁለቱ ቅር እያላቸው ተቀመጡ። የቀሩት ረጅም ሰው ነበሩ፤ ጥቁር ኮት ለብሰው ከዘራ ይዘዋል። ገነቴ ክንዳቸውን ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። ታዴዎስ ከግድግዳው ጥግ ሆኖ ያይ ነበር።

«አባቴ፣ ካርድ ላይ የምጽፈው ስምዎን ይንገሩኝ» አለች ነኢማ።

በአዳራሹ ውስጥ እሳቸው ዳኝተው ያስታረቋቸው ሰዎች ነበሩ፤ እሳቸውም ይህን ከሰዎቹ ድምፅ ለይተው ያውቃሉ። ሽማግሌው ከዘራቸውን አስተካከሉ። ገነቴ ክንዳቸውን ሳትለቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና ግቢው ውስጥ የቆሙትን መኪናዎች ትመለከት ጀመር።

«ላቼቦ አኑሎ» አሉ፤ ለምስክርነት እንደሚቀርብ ሰው ጮክ ብለው።

ከኋላ አንድ የሚያውቃቸው ሰው፣ «አቶ ላቼቦ? እርስዎም አያዩም ነበር?» አለ።

«ድንበርህን ስከልል አላየሁም ነበር» አሉ ሽማግሌው፤ «ግን ልክ ነው የከለልኩት።»

ሰውየው ትንሽ አስቦ፣ ልክ ነው አለ። ነኢማ ስሙን በካርዱ ላይ ጻፈች። ገነቴ ዐይኗን ከመኪናዎቹ መለሰች።

በማግስቱ የአንዱ ዐይናቸው ፋሻ ተፈታ። አቶ ላቼቦ መጀመሪያ ሐኪሙን አዩ፤ ብዙም አልተደነቁም። ከዚያ ገነቴን አዩዋት፤ ረዘም ላለ ጊዜ። ከስታለች አሉ፤ መክሳቷን ማንም አልነገረኝም አሉ። ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ፊት ቆሙ፤ ሁለት ዓመት ያላነበበ ሰው ያገኘውን ሁሉ ማንበብ ያምረዋልና። ከላይ ጀምረው በጣታቸው ወረዱ። ከሺንሺቾ ሰዎች መጨረሻ፣ «ትልቁ ሰው» የሚለው ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይህን ማን ጻፈው?» ብለው ጠየቁ።

ገነቴ ታዴዎስን አየችው። ታዴዎስ ያለው አማራጭ እውነቱን መናገር ብቻ ነበር።

«አዳፕተሩ ነው፣ አባቴ።»

አቶ ላቼቦ ይህን ስም አሰቡበት። «የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«የኔ ነው» አለ ታዴዎስ።

«ስሜን ሳይነግሩት አውቆኛል። ደህና አሳድገኸዋል።»

ነኢማ እስክሪብቶዋን ከፍታ ወደ ዝርዝሩ ጠጋ ብላ ነበር፤ አሁን ስማቸው ስለታወቀ ላርመው ነው አለች። አቶ ላቼቦ ከዘራቸውን በእሷና በወረቀቱ መሀል አደረጉት። ገነቴ ልታነበው የምትችለው እንዲህ ሆኖ ሲቀር ነው አሉ፤ አትንኩት።

ነኢማ ወረቀቱን፣ ከዚያ ከዘራውን፣ ከዚያ ታዴዎስን አየች።

«ለነገሩ በእጅ ክልክል ነው» አለችና እስክሪብቶዋን ከደነችው።